አዲስ ኤስኤስዲ ለሊኑክስ፦ እንዴት ልከፋፍለው? ዊንዶውሱ ሳይነካ

ሰላም_ከጅማ
ኅዳር 5፣ 2018 ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ላፕቶፔ 7ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው፤ ራሙ 8 ጂቢ። ውስጡ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ አለ፤ ዊንዶውስ 10 ያለው እሱ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ አቋርጧል። ወደ 11 ልሂድ ብል ፕሮሰሰሩ ከሚፈቀዱት ውስጥ የለም አለኝ። ማሽኑ ግን ደህና ነው፤ አሁን ሌላ የምገዛበት አቅምም የለኝም። ስለዚህ ሊኑክስ ልሞክር ወሰንኩ።

ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ 500 ጂቢ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፈጣን የሚባለውን ዲስክ) ይዞልኝ መጣ። ላፕቶፑ ውስጥ ባዶ የኤም.2 ስሎት አለ። ሊኑክሱን አዲሱ ላይ ልጭን፣ ዊንዶውሱን አሮጌው ላይ ልተው ነው ሐሳቤ። የማስተርስ ጽሑፌን እስካስረክብ ድረስ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ያስፈልገኛል፤ እሱ ያለው ዊንዶውሱ ላይ ነው። የሰበሰብኩት የመጠይቅ ዳታም በሙሉ እዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። እሱን ካጣሁ የአንድ ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ ማለት ነው።

ጥያቄዎቼ፦ የክፍፍሉን ሠንጠረዥ ጂፒቲ ልበለው ወይስ ኤምቢአር? ስንት ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ልፍጠር? ስዋፕ የሚባለው፣ ራም ሲሞላ የሚያግዘው የዲስክ ቦታ፣ አሁንም ያስፈልጋል? እዚህ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ ባትሪዬም ከ20 ደቂቃ በላይ አይዝም። መሃል ላይ ቢጠፋብኝስ?


ካቻቢቴ
ኅዳር 5 ከምሽቱ 3፡02

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ክፍፍሉን ሌሎቹ ይነግሩሻል። እኔ ላፕቶፕ መፍታት ከጀመርኩ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብሎን ከመንካትሽ በፊት የምልሽ አለኝ።

መጀመሪያ ስሎቱን አጣሪ። በዚያ ዘመን የወጣ ላፕቶፕ ኤም.2 ስላለው ብቻ ኤንቪኤምኢ ይቀበላል ማለት አይደለም። ሳታ የሚባለውን የቆየ ዓይነት ብቻ የሚያነቡ አሉ። ዲስኩ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ብሎኑም ይታሰራል፣ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም) ግን አያየውም። ሰው ዲስኩ የተበላሸ መስሎት ይመልሰዋል። የላፕቶፑን ሞዴል ከሆዱ ላይ አንብቢና ማኑዋሉን እዪ። ዲስኩን ደግሞ ወርቃማ ጥርሶቹ ላይ ተመልከቺ። አንድ ቦታ ብቻ የተቆረጠ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው፤ ሁለት ቦታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ነው። 2280 የሚል ቁጥር ካየሽ ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የስሎቱም ብሎን ማሰሪያ እዚያው ርቀት ላይ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ዲስኩ እውነተኛ መሆኑን ፈትኚ። ወንድምሽን አልጠረጠርኩም፤ የሸጠለትን ሰው ግን አናውቀውም። ላዩ ላይ 500 ተጽፎበት ውስጡ የዚያን ሩብ የማይሞላ ዲስክ በእጄ ፈትቼ አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ 500 ሆኖ ይታያል። ፋይል ሲበዛበት ግን የድሮውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። ሰውየው የሚያውቀው ፎቶዎቹ አልከፈት ሲሉ ነው። ኤፍ3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩን እስከ ጫፉ በፋይል ይሞላና መልሶ ያነበዋል። ባዶ እያለ አድርጊው፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ።

ደግሞ 465 ብሎ ቢያሳይሽ አትደንግጪ። አምራቹ በሺህ እያባዛ ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሩ በ1024። 500ው 465 ይሆናል። ይህ ማጭበርበር አይደለም።

ጽሑፍሽንና ዳታሽን ደግሞ ዛሬውኑ ሁለት ቦታ አስቀምጪ። አንዱ ፍላሽ፣ ሌላው ከቤትሽ ውጪ ያለ ቦታ፤ ለራስሽ ኢሜይል ማድረግም ይበቃል። ይህን ሳታደርጊ ኢንስቶለሩን (ሊኑክስን የሚጭነውን ፕሮግራም) እንዳትከፍቺ አደራ።


ተርሚናል_ወዳጅ
ኅዳር 5 ከምሽቱ 4፡30

ካቻቢቴ ጥሩ ጀምሮልናል። ወደ ክፍፍሉ ልግባ።

ጂፒቲ በይው፤ እዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም። ኤምቢአር በተለመደው አሠራር ከ2 ቴራ በላይ አያይም፤ ዋና ፓርቲሽንም ከ4 በላይ አይፈቅድም። ጂፒቲ በተለምዶ እስከ 128 ይፈቅዳል። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። የፓርቲሽኑን ሠንጠረዥ ሁለት ቦታ ይጽፋል፤ አንዱን ዲስኩ መጀመሪያ ላይ፣ ሌላውን መጨረሻው ላይ። አንዱ ቢበላሽ ከሌላው ይመለሳል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ብዙ ሰው ሆም (ሰነዶቹ ያሉበት) ስንት ይሁን፣ ሩት (ሲስተሙ ያለበት) ስንት ይሁን እያለ ይጨነቃል። እሱ በኋላም ይስተካከላል። መጨነቅ ያለብሽ ስለ ትንሿ ፓርቲሽን ነው፤ ስለ ኢኤፍአይዋ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ ዓይነት ባዮስ) የሚፈልገው እሷን ነው። ፎርማቷ ፋት32 ነው። ውስጧ ቡትሎደሩ፣ ሲስተሙን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ አለ። እሷ የሌለችበት ዲስክ የቱንም ያህል ሊኑክስ ቢጫንበት ብቻውን አይነሣም።

አሮጌው ዲስክሽ ላይ ዊንዶውስ የሠራት አንዲት ኢኤፍአይ አለች፤ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት አካባቢ ናት። ኢንስቶለሩ እሷን ሲያገኝ ሌላ አያስፈልግም ብሎ የሊኑክሱንም ቡትሎደር እዚያ ሊከት ይችላል። ያኔ ሊኑክሱ አዲሱ ዲስክ ላይ፣ ቁልፉ አሮጌው ዲስክ ላይ ይሆናል። ቤት ሠርተሽ ቁልፉን ጎረቤት እንደማስቀመጥ ነው። ጎረቤት የሄደ ቀን ውጭ ታድሪያለሽ።

ስለዚህ አዲሱ ዲስክ የራሱ ኢኤፍአይ ይኑረው። 1 ጂቢ ስጪው። ጭነቱ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ አሮጌውን ዲስክ ነቅለሽ አስቀምጪው። ኢንስቶለሩ የማያየውን ዲስክ ሊያበላሽ አይችልም። ዳታሽም በዚያው ይጠበቃል።

የቀረው እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ ኢኤፍአይ 1 ጂቢ። ቀጥሎ ሩት 60 ጂቢ፣ በኢኤክስቲ4 (በሊኑክሱ ፎርማት)። ከዚያ ስዋፕ። ከዚያ ሆም፣ እሱም ኢኤክስቲ4። መጨረሻው ላይ 40 ጂቢ ያህል ባዶ ተዪ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። ኢኤክስቲ4 ወደ ቀኝ ማስፋት ቀላል ነው፤ ሲስተሙ እየሠራ እንኳ ይሰፋል። ወደ ግራ ግን ዳታውን በሙሉ ማንቀሳቀስ ይጠይቃል። ያ ሲሆን መብራት ቢጠፋ አለቀ። ባዶው ቦታ ከሆም በስተቀኝ ካለ መቼም አትቸገሪም።

አላይንመንት (የፓርቲሽኑን መነሻ ማስተካከል) ምናምን የሚሉሽን አትስሚ። የዛሬ መሣሪያዎች ሁሉ ፓርቲሽኑን ከ1 ሜጋባይት ላይ ነው የሚጀምሩት፤ ለኤስኤስዲ ልክ ነው።


ማታ_ኮደር
ኅዳር 5 ከምሽቱ 5፡10

በኢኤፍአይው እስማማለሁ። በሩቱ አልስማማም። 60 ጂቢ ያንሳል።

እኔም ልክ እንደዚህ ከፍዬ ነበር። ሩት 50፣ ሆም 400። ዶከር ጫንኩ፣ ፍላትፓክ ጫንኩ፣ አንድ ሁለት ዳታቤዝ አስነሣሁ። እነዚህ ሁሉ የሚቀመጡት ቫር የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ቫር ደግሞ ሩት ውስጥ ነው። በ7 ወር ሩቱ ጢም አለ። ሆም ላይ 300 ጂቢ ባዶ ተንጣሎ እያለ አፕዴት ማድረግ አቃተኝ። የዴስክቶፑ መግቢያ ፓስወርዴን ተቀብሎ መልሶ ያስወጣኝ ነበር። ችግሩ ዲስክ መሙላቱ መሆኑን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሩትና ሆምን አልለይም። ኢኤፍአይ አንድ፣ ቀሪው ሁሉ ሩት። ቦታው ለሁሉም የጋራ ነው። ለምን ይለያል?


ተርሚናል_ወዳጅ
ኅዳር 6 ከጠዋቱ 1፡05

ማታ_ኮደር፣ የደረሰብህ ልክ ነው። ሩቱን ከፍ አደርጋለሁ፤ 120 ይሁን።

መለየቱን ግን ለሰላም አሁንም እመክራለሁ። አንተ ለዓመታት የተጠቀምክ ሰው ነህ፤ ሲበላሽ ትጠግናለህ። ጀማሪ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ሁለት ጊዜ መልሶ መጫኑ አይቀርም። አንዱ ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ሳይስማማው ይቀራል፣ ወይ የሆነ ነገር ይነካካል። ሆም ተለይቶ ካለ ሩቱን ብቻ ፎርማት ታደርጊና ሰነዶችሽ ባሉበት ይቆያሉ። ዳውንሎዱም ቀላል አይደለም፤ የአንዳንዱ ዲስትሮ ፋይል 6 ጂቢ ይደርሳል። እያንዳንዱ መልሶ መጫን ሰነዶችን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ከተጨመረበት ሰው ይሰለቻል፣ ተስፋ ይቆርጣል። እንዲህ ሆነው ሊኑክስን የተዉ ልጆች አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መልሰሽ ስትጭኚ ሆምን ምረጪና ፎርማት የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አለመኖሩን ሁለት ጊዜ እዪ። ሆም የተለየ ነው ማለት ባክአፕ አለ ማለት አይደለም። ያው አንድ ዲስክ ነው።


ከሪያድ
ኅዳር 6 ከቀኑ 7፡40

ስለ ስዋፑ እኔ ልበል። ሥራ ላይ የሊኑክስ ሰርቨሮች ነው የማስተዳድረው። ወላጆቼ ቤት ያለውን ላፕቶፕም ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስመጣ እኔ ነኝ የጫንኩት።

ስዋፕ ያስፈልጋል። ፓርቲሽን መሆን ግን የግድ አይደለም። ኡቡንቱ ከ17.04 ጀምሮ በፋይል ነው የሚሠራው። ፌዶራ ከ33 ጀምሮ ዜድራም ይጠቀማል፤ ራሙን ራሱን አጭቆ። ለተራ ሥራ ሁለቱም በቂ ናቸው።

እህቴ ግን ባትሪዬ 20 ደቂቃ ነው ብላለች። ለእሷ ሃይበርኔት ጥሩ ነው። መብራት ሲሄድ የከፈተችውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ጽፎ ይጠፋል፤ ሲመጣ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ለዚህ ደግሞ ስዋፑ ቢያንስ ራሙን ያህል ይሁን። በፋይልም ይቻላል፤ በፓርቲሽን ግን ማዋቀሩ በጣም ይቀላል። 8 ጂቢ ራም ካለሽ 10 ጂቢ ስዋፕ ስጪው። ሴኪውር ቡት (ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሣ የሚከለክለው ቅንብር) ከበራ ብዙ ዲስትሮዎች ሃይበርኔት እንደማይፈቅዱ እወቂ፤ ወይ እሱን ታጠፊያለሽ፣ ወይ ሃይበርኔቱን ትተዪያለሽ።

ኤስኤስዲውን ስዋፕ ይጨርሰዋል የሚሉም አሉ። የዛሬ ዲስኮች ይችላሉ። ለምሳሌ የሳምሰንግ 970 ኢቮ ፕላስ ባለ 500ው ዋስትና 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው። በቀን 50 ጂቢ ብትጽፊበት እንኳ ከ16 ዓመት በላይ ነው። ላፕቶፑ ቀድሞ ያረጃል።

ከመጫንሽ በፊት ዊንዶውሱ ላይ ሁለት ነገር አድርጊ። ፋስት ስታርታፕ የሚለውን አጥፊ፤ እሱ ከበራ ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሊኑክሱ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን ሲከፍት ዳታ ሊበላሽ ይችላል። ቢትሎከርም (የዊንዶውሱ ዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊ። ባዮስ ውስጥ ሴኪውር ቡት ስትነኪ ያንን ቁጥር ሊጠይቅሽ ይችላል። በኋላ ዊንዶውሱ ሰዓቱን 3 ሰዓት ቢያዛባው ደግሞ አትደነቂ። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዛል፣ ዊንዶውስ በአገሩ ሰዓት። ልዩነታችን 3 ነው። ሊኑክሱን በአገር ሰዓት ያዝ ብሎ በአንድ ትዕዛዝ ማስተካከል ይቻላል።


ሰላም_ከጅማ
ኅዳር 8 ከምሽቱ 1፡20

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብዙ ተማርኩ።

ጋሽ ካቻቢቴ፣ ስሎቱን አጣራሁ፤ ኤንቪኤምኢ ይቀበላል። ኤፍ3ንም አሠራሁት። ዲስኩ እውነተኛ ነው፤ እስከ መጨረሻው ያለ ስህተት አነበበ። ዳታዬ ፍላሽ ላይም አለ፣ አማካሪዬ ጋም ልኬዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልቻልኩም። ሃርድ ዲስኩን መንቀል። ኤም.2ው በትንሽ ክዳን ነው የሚከፈተው፤ ሃርድ ዲስኩ ግን ኪቦርዱ ካልተነሣ አይገኝም። አንድ ብሎን ጥርሱ አልቆ ካቻቢቴው ይሽከረከርበታል። እንዳልሰብረው ፈርቼ ተውኩት።

ሳልነቅለው ጫንኩ። ክፍፍሉን እንዳላችሁኝ አደረግኩ፤ ኢኤፍአይ 1፣ ሩት 120፣ ስዋፕ 10፣ ሆም 290፣ ቀሪው ባዶ። ታች ላይ ቡትሎደሩ የት ይጫን ሲለኝ አዲሱን ዲስክ መረጥኩ። ሊኑክሱ ተነሣ። በጣም ፈጣን ነው! ዊንዶውሱም ሜኑው ላይ አለ። ሁሉም ደህና ይመስለኛል።


ካቻቢቴ
ኅዳር 8 ከምሽቱ 2፡05

ደስ ይላል። ጥርሱ ያለቀ ብሎን ላይ ስስ ላስቲክ አድርጊና በላዩ ካቻቢቴውን ተጭነሽ በዝግታ አዙሪ፤ ብዙ ጊዜ ይወጣል። እምቢ ካለ ግን አትታገዪው፤ አካባቢሽ ያለ ጠጋኝ በ5 ደቂቃ ያወጣዋል።


ተርሚናል_ወዳጅ
ኅዳር 8 ከምሽቱ 2፡50

ሰላም፣ አንድ ነገር አረጋግጪልኝ። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቺና ኤልኤስቢኤልኬ የሚለውን ትዕዛዝ ስጪ። ዲስኮቹን ከነፓርቲሽኖቻቸው ይዘረዝራል። ቡት/ኢኤፍአይ የሚለው የተጻፈው በየትኛው መስመር ላይ ነው? በኤንቪኤምኢ በሚጀምረው (በአዲሱ) ላይ ነው ወይስ በኤስዲኤ (በአሮጌው)?

የምጠይቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ ኢንስቶለር አዲሱን ዲስክ ብትመርጪለትም መጀመሪያ ያገኘው ኢኤፍአይ ላይ ይጽፋል። ዲስኩን ንቀዪ ያልኩሽ ለዚህ ነበር። መንቀል ለማይችል ሌላ መንገድ ነበረ፤ ሳልነግርሽ በመቅረቴ ይቅርታ። ባዮሱ የሳታውን ወደብ ማጥፋት ከፈቀደ ማጥፋት። ካልፈቀደ ደግሞ ከፍላሹ በጂፓርትድ (በዲስክ መከፋፈያው ፕሮግራም) የአሮጌውን ኢኤፍአይ ምልክት ለጊዜው ማንሣትና ጭነቱ ሲያልቅ መመለስ።


ሰላም_ከጅማ
ኅዳር 16 ከጠዋቱ 3፡10

እባካችሁ ድረሱልኝ። ያላችሁት ደረሰ።

ተርሚናል_ወዳጅ፣ ጥያቄህን ያኔ አላየሁትም፤ ፈተና ላይ ነበርኩ። ትናንት ማታ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ዛሬ ጠዋት ሳበራው ባዮሱ ጨርሶ አያየውም። ዊንዶውሱ ሄደ። እሱስ ይሁን። ግን ሊኑክሱም አልነሣ አለ! ጥቁር ስክሪን ላይ የሚነሣ ዲስክ የለም የሚል ጽሑፍ ብቻ። አዲሱ ዲስክ ባዮሱ ውስጥ ይታያል። ከባለፈው ሳምንት ወዲህ የጻፍኩት ምዕራፍ 4 እሱ ላይ ነው። ጠፍቶ ይሆን?


ተርሚናል_ወዳጅ
ኅዳር 16 ከጠዋቱ 3፡35

አልጠፋም። ተረጋጊ። ምዕራፍሽ ሆም ውስጥ በሰላም አለ። የጠፋው ቁልፉ ነው፤ ቤቱ አለ። ቁልፉ አሮጌው ዲስክ ላይ ነበር፣ አብሮት ሄደ። አዲሱ ላይ የፈጠርሻት 1 ጂቢ ኢኤፍአይ እስካሁን ባዶዋን ነው የተቀመጠችው። አሁን በእሷ ላይ እንጽፋለን።

በመጀመሪያ በጫንሽበት ፍላሽ ተነሺ። አልጭንም፣ ልሞክር የሚለውን ምረጪ። ፋይል መክፈቻው ላይ ሆምሽን ክፈቺና ምዕራፍ 4ን ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ይህን ሳትጨርሺ ወደሚቀጥለው አትለፊ።

ከዚያ ተርሚናል። ኤልኤስቢኤልኬ ብለሽ ቁጥሮቹን አረጋግጪ፤ በመጠናቸው ትለያቸዋለሽ። 1 ጂቢዋ ኢኤፍአይ፣ 120ው ሩት። ሩቱን ኤምኤንቲ የሚባለው ፎልደር ላይ ማውንት አድርጊ (አገናኚ)። ኢኤፍአይዋን ደግሞ በዚያው ውስጥ ባለው ቡት/ኢኤፍአይ ላይ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። ቀጥሎ ዴቭ፣ ፕሮክ፣ ሲስ እና ራን የሚባሉትን ፎልደሮች ወደ ውስጥ ባይንድ አድርጊ (አያይዢ)፣ ከዚያ ሲኤችሩት ብለሽ ግቢ። አሁን ያለሽው በራስሽ ሊኑክስ ውስጥ ነው። ግሩብ-ኢንስቶልን (ግሩብ የሊኑክሱ ቡትሎደር ነው) ለ64 ቢት ኢኤፍአይ ብለሽ አሂጂ፣ ከዚያ አፕዴት-ግሩብ። ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ በግል መልእክት ልኬልሻለሁ፤ የአንቺን የፓርቲሽን ቁጥር እያየሽ አስተካክዪ።


ሰላም_ከጅማ
ኅዳር 16 ከቀኑ 6፡20

ምዕራፍ 4ን አገኘሁት! ገለበጥኩት። አለቀስኩ።

ግሩብ-ኢንስቶል ግን ኢኤፍአይ ቫሪያብል አይደገፍም የሚል ስህተት ሰጠኝ።


ከሪያድ
ኅዳር 16 ከቀኑ 6፡41

ፍላሹ የተነሣው በድሮው የባዮስ ዘዴ ይመስለኛል። ላፕቶፑ ሲበራ የማስነሻ ሜኑውን ክፈቺ። ያው አንድ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ታያለሽ። ዩኢኤፍአይ የሚል ከፊቱ ያለውን ምረጪ። ከተነሣ በኋላ ሲስ ውስጥ ፈርምዌር፣ እሱ ውስጥ ኢኤፍአይ የሚል ፎልደር ካለ ልክ ነሽ። ከሌለ አሁንም በድሮው ዘዴ ነው የተነሣሽው።


ሰላም_ከጅማ
ኅዳር 16 ከቀኑ 9፡05

እውነትም ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር። ዩኢኤፍአይውን መርጬ ደገምኩት። ያለ ስህተት ተጫነ አለኝ። ሪስታርት አደረግኩ፣ ግሩብ መጣ!

ግን አልጨረሰም። አንድ መስመር ላይ ቆሞ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይቆጥራል። ሲጨርስ ኢመርጀንሲ ሞድ ብሎ ፓስወርድ ይጠይቃል።


ተርሚናል_ወዳጅ
ኅዳር 16 ከቀኑ 9፡18

የቀረው ይኸው ነው፤ የኤፍስታብ ፋይል። ሲስተሙ ሲነሣ የትኛውን ፓርቲሽን የት ላይ ማውንት እንደሚያደርግ የተጻፈበት ነው። አሁንም የሞተውን ዲስክ ኢኤፍአይ እየጠበቀ ነው። ፓርቲሽኖች የሚታወቁት ዩዩአይዲ በሚባል ቁጥር ነው። ብሎክአይዲ የሚለውን ትዕዛዝ ስጪና የአዲሷን ኢኤፍአይ ዩዩአይዲ እዪ፤ ፋት ስለሆነች አጭር ናት፣ 8 ፊደልና ቁጥር፣ መሃሏ ሰረዝ። ከዚያ በናኖ (በጽሑፍ ማስተካከያው) ኤፍስታብን ክፈቺ። ቡት/ኢኤፍአይ የሚለው መስመር ላይ አሮጌውን ቁጥር በአዲሱ ተኪ። የዊንዶውሱ ፓርቲሽንም እዚያ ተጽፎ ከሆነ መስመሩን ሰርዢው። ወደፊት ተጨማሪ ዲስክ ስታስገቢ ኖፌይል የሚል ቃል ጨምሪበት፤ ዲስኩ ባይገኝም ማሽኑ ሳይቆም ያልፋል።


ሰላም_ከጅማ
ኅዳር 16 ከቀኑ 10፡02

ተነሣ። በ15 ሰከንድ።

ኤልኤስቢኤልኬ አሁን ቡት/ኢኤፍአይን በኤንቪኤምኢው መስመር ላይ ያሳያል። ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ አስቀመጥኩት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ብድራችሁን ይክፈላችሁ።


ማታ_ኮደር
ኅዳር 16 ከምሽቱ 1፡30

እንኳን ደስ አለሽ። ሆምን መለየት ላይ ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ግን ዛሬ ከፍላሹ ገብተሽ ሰነዱን በቀላሉ ማግኘትሽን ሳይ የተርሚናል_ወዳጅ ነገር ገባኝ።

ኢኤክስቲ4 ፎርማት ሲደረግ 5 በመቶውን ለሩት ተጠቃሚ (ለሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ለሩት ፓርቲሽኑ አይደለም) ይይዛል። ሲስተሙ ባለበት ፓርቲሽን ላይ ይጠቅማል። ሆም ላይ ግን ብዙም ጥቅም የለውም፤ ከ290ው 14 ጂቢ በላይ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ቲዩን2ኤፍኤስ በሚለው ትዕዛዝ ወደ 1 በመቶ አውርጂው። ዳታሽን አይነካም።


ከሪያድ
ኅዳር 16 ከምሽቱ 2፡15

ትሪምንም እዪ። ኤስኤስዲው የተሰረዙ ፋይሎች ቦታ ነፃ መሆኑን ካልተነገረው ከጊዜ ብዛት ይንቀራፈፋል። ኤፍኤስትሪም የሚባል አለ፤ በብዙ ዲስትሮዎች በሳምንት አንዴ ራሱ ይሠራል። እንደበራ ብቻ አረጋግጪ።


አዲስ_ገቢ
ኅዳር 18 ከጠዋቱ 4፡00

ክሩን ሙሉ አነበብኩት። የእኔ ግን የ2002 ዓ.ም. ዴስክቶፕ ነው፤ ዩኢኤፍአይ የለውም። ሳታ ኤስኤስዲ 240 ጂቢ ገዝቻለሁ። ኢኤፍአይ ልፍጠር?


ካቻቢቴ
ኅዳር 18 ከጠዋቱ 4፡45

አያስፈልግህም ወንድሜ። ማሽኑ በድሮው ባዮስ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ኤምቢአር በለውና ግሩብን ዲስኩ ራሱ ላይ ጫን፤ ፓርቲሽኑ ላይ አይደለም። 240ው ላይ ሩትና ሆምን አትለይ፤ ጠባብ ነው። ዴስክቶፕ ስለሆነ ባትሪ የለህም፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ሳታገኝ ፓርቲሽን ማስፋትም ሆነ ማንቀሳቀስ እንዳትሞክር።


ሰላም_ከጅማ
ኅዳር 24 ከምሽቱ 3፡30

ለምትከታተሉ፦ ጋሽ ካቻቢቴ ባሉኝ ዘዴ ብሎኑን በላስቲክ አወጣሁት። የሞተውን ዲስክ አወጣሁና ቦታው ላይ የጓደኛዬን ትርፍ ሃርድ ዲስክ አስገባሁ፤ ኤፍስታብ ላይ ኖፌይል ብዬ ለባክአፕ። ኤስፒኤስኤስ የለም፤ ትንተናዬን በፒኤስፒፒ (በነፃው ተመሳሳይ ፕሮግራም) ቀጠልኩ፤ የዳታ ፋይሎቼን ያለ ችግር ከፈተልኝ። የአማርኛ ኪቦርዱንም በአይባስ ጨመርኩ።

ዛሬ ማታ መብራት ጠፋ። ምዕራፍ 5 ተከፍቶ ነበር። ሃይበርኔት አደረግኩት። ከ2 ሰዓት በኋላ መጣ፤ ሳበራው ጠቋሚው ያቆምኩበት ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ቆሞ ነበር።